ወደ ቀኝ የሄደችው መርፌ

ባለፈው ሳምንት አንዋር የሚባል፣ ከጅዳ ከተመለሰ ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ አንዲት አሮጌ አረንጓዴ ጂፕ በገመድ አስጎትቶ መካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ጋራዤ ደጃፍ አቆማትና «ጋሼ ሰይድ፣ ጌጆቿ በሙሉ ሞተዋል፣ ቻርጅም አታደርግም፤ ለሠርግ ላደርሳት ነው» አለኝ። ሙሽራ ከነቬሎዋ ኮፈኑ ላይ ተቀምጣ ፎቶ ትነሳባታለች አሉ። እኔ የበሩን እጀታ ሳብ ሳደርገው ያ ሽታ ወጣ፤ ጨርቅ የለበሰ የድሮ ሽቦ ሲግል የሚሸተው፣ ከቤንዚንና ከረጠበ የበግ ሌጦ ጋር ተለውሶ ጉሮሮ የሚይዘው ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እኔን ያሰኘኝ መትፋት ነው።

«የድሮ ዕቃ እኮ ዕቃ ነበር፣ ጋሼ» አለ አንዋር፣ ጭቃ መከላከያዋን እንደ ፈረስ ገላ እየዳበሰ። ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ አፋቸው ማር ማር ይላል፤ ወንዙ፣ ጨዋታው፣ የጎረቤቱ ፍቅር እያሉ ያንን ሁሉ ርሃብና ጥፊ በቅቤ ያሹታል። እኔ እንዲያ ያለ ልጅነት የለኝም። ያለኝ ልጅነት አራት ጎማ ያላት ናት፤ እሷም ይህችው ደጄ ላይ ቆማለች።

አንዋር ከመግዛቱ በፊት ጂፗ የአያ ይመር ነበረች። አያ ይመር የእናቴ ወንድም ነው። በፊቱ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ሰው ሲሰማኝም አንቱታዬን አልስትም፤ እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝና «እሱ» ይበቃዋል። አባቴ ሲሞት እናቴ ወረኢሉ ሌላ ባል አገባች፤ ሰውዬው ለእሷ እንጂ ለእኔ የሚሆን ቦታ አልነበረውምና ለወንድሟ ሰጠችኝ። ስትሰጠኝ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። «በአላህ ይሁንብህ፣ ፊደል አስቆጥርልኝ» አለችው። «አብሽሪ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሽር የሚለኝን ሰው አላምንም።

ያን ጊዜ በከተማችን መኪና እንደ ጠበል የሚታይ ነገር ነበርና አያ ይመር በዚያች ጂፕ ሰውም ቅቤም ዶሮም እየጫነ አንድ ቀን ማሻ፣ አንድ ቀን ወረኢሉ፣ በወር አንዴ ደግሞ ደሴ ይመላለስ ነበር። የባትሪውን ጤንነት የምታሳየው የቻርጅ ጌጅ ስትሰበርበት ከአንድ የወደቀ ትራክተር ላይ ሌላ ነቅሎ አመጣ። ይህችኛዋ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ እኛ ክሩስኮት በምንለው፣ አልገጥም ስላለችው ከታች በተሳፋሪው እግር በኩል በሽቦ ጠፈራት። ጤነኛ የቻርጅ ጌጅ ባትሪው ሲሞላ መርፌዋ ወደ ቀኝ፣ ሲጎድል ወደ ግራ ትሄዳለች። እሱ ግን ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጦ አሰራቸውና የእኛዋ የተገላቢጦሽ ሆነች። መሳሳቱን እንኳ አላወቀም። ሞተሩ ሲጮህ መርፌዋ ወደ ግራ እንደምትሄድ ሰው ነገረውና «የእኔዋ ወደ ግራ ነው የምትሞላው» ብሎ እንደ ሕግ ደነገገው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የእሱን ሕግ የሚሽር አልነበረም።

ሌላም ጉድ ነበረበት። ዓይኑ የሩቁን እንጂ የቅርቡን አያይም። ከማዶ ተራራ ላይ ያለች በግ ጆሮዋ የተቆረጠ መሆኑን ይለያል፣ አፍንጫው ሥር ያለችውን መርፌ ግን ጉም ትሆንበታለች። ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ክንዱ እስኪያልቅ አርቆ ይዞ ነው እንጂ የሚያነብ። መነጽር ግዛ ሲሉት «መነጽር ባደረገ ሹፌር ማን ይሳፈራል?» ይል ነበር። ስለዚህ ዓይን አስፈለገው፤ ዓይኑ እኔ ሆንሁ። ዕድሜዬ አሥር ይሁን አሥራ አንድ የሚያውቅ የለም። በመፍቻ ሣጥኑ ላይ፣ በተሳፋሪ ጉልበት ማጅራቴን እየተደቆስሁ፣ ከላዬ የሰው ቅቤ እየተንጠባጠበብኝ፣ ቀኑን ሙሉ መርፌዋን ሳይ እውላለሁ። ባትሪው ሲሞላ «ይጠጣል» እላለሁ፤ ሲጎድል «ይተፋል»። ሌላ ቃል አልተፈቀደልኝም።

እውነት ለመናገር መርፌዋን እወዳት ነበር። ከኋላዋ አረንጓዴ መብራት አለ፤ እሷ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ጫጩት ልብ የምትርገበገብ ናት። በዓለም ላይ አይቼ ምን እንደምትል ለሰው የምናገርላት አንዲት ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ተሳፋሪዎቹም ያውቁኝ ነበር። አንዲት ዶሮ ነጋዴ በተሳፈረች ቁጥር «አንተ ሰይዶ፣ ዛሬስ ምን አለችህ? እስቲ የእኔ ባል መቼ እንደሚገባ ጠይቅልኝ!» ትለኝና መኪናው በሳቅ ይናጥ ነበር። እኔም ከምር መርፌዋን አይቼ «ይተፋል» እላት ነበር።

እንዲህ እያልሁ በየጠዋቱ በመኪናዋ መስኮት ደብተር የያዙ እኩዮቼን አያለሁ። ደብተራቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ከዝናብ ሲሮጡ እንኳ እቀናባቸው ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ትምህርት ቤት አስገቡኝ ብዬ አያ ይመርን ጠየቅሁት። አልተቆጣም፤ ይህ ነው ያታለለኝ። «አንተ ትምህርት ቤት ከዋልህ መርፌዋን ማን ያያታል?» አለና ትንሽ አሰበ። «ዲናሞዋን ደሴ ወስጄ አንዴ በደንብ ላሠራት። ያኔ ጠባቂ አያስፈልጋትም፣ አንተም ትመዘገባለህ።» ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ነው። እኛ ረቡዕ ደሴ ገባን። በዚያ ሌሊት የጸለይሁት ለጀነት አልነበረም፣ ለዲናሞ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጂፗን ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስረከብናት። ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አያ ይመር ትከሻዬን ይዞ «መርፌዋን የሚያይልኝ እሱ ነው» አለው፤ ሰውዬው አየት አደረገኝና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አያ ይመር ዕቃ ሊሸምት ገበያ ወጣ፣ እኔን ለሸክም አስከትሎ። ስንመለስ ሰውዬው ምሳ ሄዷል፤ ቁልፉን የተወለት ባለሱቅ «ጨርሷል፣ ውሰዷት ብሏል» አለን።

ወደ ሣጥኔ ስገባ ጌጇ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል። የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ቁራጭ፣ በቀጭን ሽቦ የታሰረ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጫጫረ። ጽሑፍ ያን ጊዜ ለእኔ ዶሮ ጭቃ ላይ የሄደችበት ነው። የአዲሱ ዕቃ መጠቅለያ መሰለኝ። መኪናዋ ስትነቃነቅ እየተወዛወዘ መርፌዋን ጋረደብኝ፤ አጥፌ በአውራ ጣቴ ከጌጇ ጀርባ ወሸቅሁት።

አያ ይመር ሞተሩን አስነሳ። መርፌዋ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ይተፋል» አልሁ። «ገና ነው፣ ትሙቅ» አለ። ሁለት የጨው ነጋዴዎች ጭነን ከደሴ ወጣን። ዳገቱን ስንጀምር «አሁንስ?» አለኝ። «ይተፋል። ብሶበታል።» ከኮፈኑ ሥር የአዲስ ቀለም ሽታ መጣ፤ የታደሰ ዲናሞ መጀመሪያ ሲግል እንዲያ ይሸታል፣ ዛሬ አውቀዋለሁ። እሱ ግን ተቃጠለ ብሎ ደነገጠ። አቆመ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ የሚወጣ አዲስ ቀይ ሽቦ አየ። «ይህ ሌባ! ትርፍ ሽቦ ቀጥሎብኝ!» ብሎ ነቀለው፤ ጫፉንም በጨርቅ ጠቀለለው። ተመልሶ ገብቶ አስነሳ። መርፌዋ ወደ ግራ ዞረች።

«ይጠጣል!» ብዬ ጮህሁ። «አያ፣ ይጠጣል! ወላሂ ይጠጣል!»

ሳቀ። ከሳቁ ብዛት መሪውን መታው፤ ከዚያ እጁን ልኮ ራሴን አሸኝ፣ ያ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ነው። «ከደሴው መሐንዲስ አንተ ትሻላለህ! ነገ ራሴ እጅህን ይዤ ነው የማስመዘግብህ» አለ። ከአቀስታ ወዲህ ያለው ሜዳ ላይ ስንወጣ ጉሙ ወረደና መብራት አበራ፤ መርፌዋ አሁንም ወደ ግራ ገፋች። «አብዝቶ ይጠጣል» አልሁ። የሌጦው ሽታ፣ የጨው ነጋዴዎቹ ወሬ፣ መስታወቱ ላይ የሚንሸራተተው ጤዛ፣ ሁሉም ደስ አለኝ። ነገ ደብተር ይኖረኛል። በልጅነቴ ከልቤ የተደሰትሁበት ሰዓት ቢኖር ያ ነው፤ አንድ ባትሪ ዓይኔ እያየ ነፍሱ ስትወጣ የነበረበት ሰዓት።

መብራቱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ኩራዝ ቀላ፣ ከዚያ ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ዝም አለ። ከነጋዴዎቹ አንዱ በጉሙ ውስጥ «ይህን ያህል ከጠጣማ ሰክሮ ነው የሚሆን» አለ። ማንም አልሳቀም።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆመልን። ሁለት ሽቦ የበቀለባት አምፖል ነበረችው፤ በእሷ ነካ ነካ አድርጎ «ዲናሞው ጤነኛ ነው። ሽቦውን ማን ነው የነቀለው?» አለ። አያ ይመር በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። የነቀለው እጅ የእሱ ሆኖ አገጩ ወደ እኔ። ሰውዬው ሽቦውን መልሶ አስሮ በመኪናው ጎትቶ አስነሳን። እኔ «ወላሂ ይተፋ ነበር» ስል አያ ይመር በጥፊ ጆሮዬን አደነቆረኝ። መካነ ሰላም ስንደርስ ዓርብ ከቀትር በኋላ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። ጌጇን በጨርቅ ሸፈናትና ከዚያ ወዲያ ማንም አላያትም።

ሰኞ ዕለት «ለምኑልኝ፣ ዘግይቼም ቢሆን ይቀበሉኝ» ብዬ አያ ይመር ፊት ቆምሁ። ደጁ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ነው የመለሰው፤ «መርፌ ግራና ቀኝ ስትሄድ መለየት ያቃተው ልጅ ፊደል ሊለይ አማረው!» ሳቁ። ከሳቁት መካከል የሞቱ አሉ። ቀብራቸው ሄጃለሁ፣ እግሬ እንጂ ልቤ አልሄደም።

ክፋቱ መሳቃቸው አይደለም። ክፋቱ እኔም ማመኔ ነው። ጭንቅላቴ ለፊደል የተሠራ አይደለም ብዬ ሃያ አምስት ዓመት በላሁ። ሙያውን በእጄና በአፍንጫዬ ተማርሁት፤ ሽቦ በቀለሙ፣ የተቃጠለውን በሽታው እየለየሁ፤ የደረሰኝ ወረቀት ካለ በአውራ ጣቴ እፈርም ነበር። ሥራው ሲገባኝ የአያ ይመር ጌጅ ተገልብጣ እንደነበረችና የደሴው ሰውዬ እንዳስተካከላት ተረዳሁ። ያኔ ጥላቻዬን ለሁለት ከፈልሁት። ግማሹ ለአያ ይመር፣ ግማሹ ለዚያ ቀጭን ሰው። አንድ ቃል ተናግሮ ቢሆን! ሽቦ አዙሮ፣ ለማንም ሳይናገር፣ እንጀራውን ሊበላ ሄደ እያልሁ ስንት ዓመት ረገምሁት። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሦስተኛ ክፍል የነበረች ልጄ «አባ፣ ይህ እኮ በ ነው፣ ሸ አይደለም» እያለች ታርመኝ ነበር። አሁን አነባለሁ፤ ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ፣ ዳዴ እንደሚል ልጅ።

እንግዲህ የአንዋርን ጂፕ ከፈትሁ። ጌጆች ሁሉ ባንድ ቀን ከሞቱ ጥፋቱን ከጌጆቹ የሚፈልግ ሞኝ ነው፤ ሁሉም የሚጋሩትን ነው መፈለግ። ክሩስኮቱን ፈትቼ በአምፖል ስፈትሽ ኃይል ደርሷል፤ መመለሻው ነው የጠፋው። ከጌጆቹ ወደ መኪናው አካል የሚታሰረው ሽቦ በዝገት ታንቋል። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ መልሼ አሰርሁት፤ የነዳጇም የሙቀቷም መርፌ እንደ ነቃ ሰው ብድግ አሉ። አንዋር አጨበጨበ። የቻርጇ ግን የብቻዋ ናት፤ ከታች ተንበርክኬ፣ የአያ ይመርን ጨርቅ ከላይዋ ገፍፌ፣ ጌጇን ወደ ፊት ሳብ አደረግኋት። ከጀርባዋ የታጠፈ የካርቶን ቁራጭ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ምን አገኙ?» አለኝ አንዋር።

«ደብዳቤ።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወደ ብርሃኑ ወጥቼ ጣቴን ከሥሩ አደረግሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። «ልጄ፣ መርፌዋን የምታየው አንተ ነህ አሉኝ። ሽቦው ተገልብጦ ስለነበር አስተካክየዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቀኝ ስትሄድ ነው የሚሞላው። እንዳትደነግጥ።»

በሕይወቴ የተጻፈልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። አፍንጫዬ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። መርፌዋን ጋረደብኝ ብዬ በገዛ አውራ ጣቴ የቀበርሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው ኋላ ሃያ አምስት ዓመት በፈረምሁበት። ያን ሰውዬ እንግዲህ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። የረገምሁትን እርግማን ተመልሶ የሚለቅመው ማን ነው?

ሥራዬን ጨረስሁ። የዲናሞው ካርቦን አልቆ ነበር፣ ቀየርሁት፤ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አጠበቅሁ፤ ሞተሩ ተነሳ። መርፌዋ ወደ ቀኝ ሄደች። ይህን በየቀኑ በየመኪናው የማይ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ሁልጊዜ መጀመሪያ አፌ «ይተፋል» ሊል ይዳዳዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ልክ መሆኑ ትዝ የሚለኝ።

ካርቶኑን ኪሴ ከትቼ አያ ይመር ቤት ሄድሁ። ዒድ ሲሆን ካልሆነ በቀር አልረግጠውም። ደጁ ላይ፣ ፀሐዩ በሚመታበት፣ ሌጦ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ አሁን የሩቁንም አያይም።

«ማነው?»

«ሰይድ ነኝ፣ አያ።»

«ያ ጎረምሳ አንተ ጋ ወሰዳት አሉኝ። ትነሳለች?»

«ትነሳለች። አንድ ነገር ላነብልዎ ነው የመጣሁ።»

«አንብባ።»

አጠገቡ ተቀመጥሁና ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ አነበብሁለት። ከየት እንዳገኘሁት፣ ማን እንደጻፈውም ነገርሁት። መንጋጋው የሆነ ነገር እንደሚያኝክ ይንቀሳቀሳል። «ድገመው» አለኝ። ደገምሁት። እጁን ዘረጋ፤ ካርቶኑን ሰጠሁት። ክንዱ እስኪያልቅ አርቆ ያዘው፣ እንደ ድሮው፣ ምንም ሳያይ። ጠበቅሁ። አንዲት ቃል ነበረች የምጠብቃት፤ ከዚያች ከዓርብ ጀምሮ የጠበቅኋት። አጥፍቻለሁ ቢለኝ ምን እንደማደርግ እንኳ አስቤ አላውቅም።

ካርቶኑን መለሰልኝና ፊቱን ወደ ፀሐዩ አዞረ።

«ቀስ ብለህ ነው የምታነብ» አለ።

«ዘግይቼ ነው የጀመርሁ» አልሁት።